የሕንፃ አርባ አንድ ዋስ

ሕንፃ አርባ አንድን ያጸደቅኩት በዘጠኝ ሰከንድ ነው። ዘጠኝ ሰከንድ በዚያን ጊዜም ብዙ ነበር። አለቃዬ ወይዘሮ ሄራን "ምነው፣ እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?" ብለው በሰው ፊት አሾፉብኝ፤ እኔም ስቄ ይቅርታ ጠየቅኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመሠረቱ ሥዕል ላይ ዓይኔ ትንሽ ስለተያዘ ነው። ምን እንደያዘው ለማወቅ ሌላ ጥቂት ሰከንድ ያስፈልገኝ ነበር፤ አልነበረኝም። ጣቴን አሳረፍኩና ቀጣዩ መጣ።

ስሜ ይርገዱ ነው፣ ዕድሜዬ ሠላሳ አምስት። የእኔ ትውልድ የቅድመ አያቶቹን ስም መልሶ የወረሰ ነው፤ ያብስራና ሶልያና የሚባሉት ሽማግሌዎቻችን ናቸው። መታወቂያዬ ላይ "የአርክቴክቸር ቴክኖሎጂስት" ተብሎ ተጽፏል። በአንድ ወቅት ይህ ሙያ አርክቴክቱ ያሰበው ቤት ዝናብ እንዳያስገባ፣ እንዳይሰነጠቅ፣ እንዳይወድቅ መላ የሚፈልግ ሰው ሙያ ነበር። አሁን ሰው የሚጠራን "ጣት" ብሎ ነው። "እሷ እኮ ጣት ናት" ሲሉ ስሰማ መጀመሪያ መጀመሪያ ቆሽቴ ያርር ነበር፤ ኋላ ለመድኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ነዳፊው ማሽን ይነድፋል። ነዳፊው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንዳስተማረው የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ፊት እቀመጣለሁ። የበር ጉበን ይመጣል፤ የመስኮት ጠርዝ ይመጣል፤ አሸንዳው ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት፣ የፎቁ ሶሌታ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ይመጣል። ጣቴን አሳርፋለሁ፣ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። በቀን አራት መቶ ያህል ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ሁለት መቶ ካልሞላ ወንበሩ ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ሕጉ የሰው እጅ ያልነካው ሕንፃ እንዲቆም አይፈቅድም፤ ሲወጣ ሰውን ከሥራ እንዳያፈናቅል ታስቦ ነው ይባላል፣ በጭብጨባ ነበር ያለፈው።

በዚህ ሙያ ማደግ የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለማመንታት። ደረጃ አንድ ላይ አሥራ ሁለት ሰከንድ ይፈቀዳል። ደረጃ ሦስት ላይ ዘጠኝ ይሆናል፣ ደረጃ ስድስት ላይ አራት። ለእያንዳንዷ ደረጃ ሁለትና ሦስት ዓመት ጥርሴን ነክሼ ሠርቻለሁ። ልጄን አስካለን የወለድኩት በደረጃ አራትና አምስት መካከል ነው፤ አባቷ ወዲያው ሄደ፣ እኔም በአርባኛው ቀን ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ደረጃ ሰባት ላይ ሰከንድ የሚባል ነገር የለም። ደረጃ ሰባት ዋስ መሆን ነው።

ዋስ ድሮም ነበር። አያቴ ሱቅ ውስጥ ለመቀጠር ዋስ ጥሪ ተብላ ሁለት ወር ዘመድ ስትለምን እንደከረመች ትነግረን ነበር። ዛሬ ሠራተኛም ዋስ ይጠራል፣ ሕንፃም ዋስ ይጠራል። የሕንፃ ዋስ ማለት ከነቤተሰቡ ምድር ቤቱ ጥግ ላይ፣ ክፍል አንድ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ሕንፃው አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ፎቶውና ስሙ መግቢያው ላይ ይሰቀላል። ሥሩ ደግሞ ክብደቱ ይጻፋል፤ ክብደት የሚባለው ዋሱና አብረውት የሚያድሩ ሰዎች ገና ይኖራሉ ተብሎ የሚገመተው ዓመት ድምር ነው። ቤት የሚመርጥ ሰው ግድግዳውን አያይም፤ "ዋሱ ስንት ልጅ አለው?" ነው የሚለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪው ተሰብስቦ ዋሱን ሰላም ይላል። ልጆቹን ጉንጫቸውን ይስማል፣ አለመታመማቸውን ያያል፣ ደስ ብሎት ወደ ፎቁ ይወጣል።

የሕንፃ አርባ አንድ ዋስ ጋሽ ያብስራ ነበሩ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ማስተማር ገና ባልተከለከለበት ዘመን ማለቴ ነው። በወጣትነታቸው የካሳፎርማ ጣውላ ላይ የተንጠለጠሉ፣ ፌሮ የቆጠሩ፣ ሥዕል በእጃቸው የሳሉ ሰው ናቸው። ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ እስከ ዛሬ ቱንቢ አለ፤ አዲስ ቤት ሲገቡ እየተጨዋወቱ ክሩን ለቀቅ አድርገው ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ያያሉ። እኔ ስቀጠር ዋስ ሆነው የፈረሙልኝም እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ያጸደቅኩት ትልቅ ሕንፃ አርባ አንድ መሆኑን ሲሰሙ ቢሮ ድረስ መጥተው "ልጄ ያጸደቀችውን ሕንፃ ሌላ ሰው አይዋሰውም" ብለው ጠየቁ። ከባለቤታቸው ከእትዬ ሶልያናና ከወንድ ልጃቸው ቤተሰብ ጋር ክፍል አንድ ገቡ። በስንት ሰከንድ እንዳጸደቅኩት አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ጥቅምት፣ እሑድ ቀን፣ ምሳ ጠሩኝ። አስካለን ይዤ ሄድኩ። ከበላን በኋላ እትዬ ሶልያና ልጄን ወደ ጓሮ ይዘዋት ወጡ። ቀስ እያሉ ነው የሚሄዱት፤ ሳንባቸው ስለደከመ የመተንፈሻ ማሽናቸውን በጎማ እየገፉ ነው የሚንቀሳቀሱት። ጋሽ ያብስራ ቁም ሳጥኑን በትከሻቸው ገፋ አደረጉ።

"ነይ እስቲ፣ ይቺን እያት" አሉኝ።

ከመስኮቱ ታችኛው ጥግ ተነስቶ ብሎኬቱን በደረጃ በደረጃ እየተከተለ ወለሉ ድረስ የወረደ ስንጥቅ ነው። ትንሿ ጣቴ ባትገባበትም ጥፍሬ ይገባበታል።

"ልስኑ ነው?" አልኳቸው። ልስን እንዲሆን ፈልጌ ነው የጠየቅኩት።

"ልስን ቢሆንማ ምን አስጠራኝ? መሠረቱ ነው፣ ልጄ። ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለው አፈር መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሸሻል። ድሮ ጠንካራው ድረስ ቆፍረን ነበር የምንወርደው። ይሄኛው የት ድረስ ነው የወረደው?"

ያን ጊዜ ነው ዓይኔን ምን እንደያዘው ያወቅኩት። ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መሠረቱ አጭር ነበር። ነዳፊው ለሌላ አገር አፈር የሚነድፈውን ነው የነደፈው፤ እኔም አይቼዋለሁ።

"የሕንፃው ሴንሰሮች እንቅስቃሴ ዜሮ ነው የሚሉት" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ሴንሰሮቹ ግድግዳው ላይ እኮ ነው የተተከሉት። ግድግዳው ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ፤ እነሱ ምን ያውቃሉ?"

ከጠረጴዛው መሳቢያ አንዲት ቀጭን የመስታወት ቁራጭ አወጡ፣ እንደ ጣት የረዘመች። ጀሶ በጥብጠው ስንጥቁን አሻግረው ግራና ቀኝ ለጠፏት። ይህ የድሮ ሰዎች አሠራር ነው አሉኝ፤ ግድግዳው ከቆመ መስታወቱ ይቆያል፣ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ቀኑን መስታወቱ ላይ እኔ እንድጽፍ እስክሪብቶ ሰጡኝ። በእጄ ከጻፍኩ ዓመት አልፎኝ ነበርና ተንጋደደብኝ፤ "ጥቅምት 7" የሚለው አንዱ ፊደል ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሆነ። ጋሽ ያብስራ ሳቁ።

"ዶሮ ነው የጫረው የሚመስለው። ይሁን፣ ያንቺ መሆኑ ያስታውቃል።"

"ከተሰበረ ማጽደቂያዬን እስባለሁ" አልኳቸው።

ይህን ስል ምን እያልኩ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ማጽደቂያውን የሳበ ጣት ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። ስሙ የተሰረዘ ሰው በተነደፈ ሕንፃ ውስጥ ማደር አይፈቀድለትም፤ ያልተነደፈ ሕንፃ ደግሞ ከተማው ውስጥ የለም። ስለዚህ ሸራ ሰፈር ይወጣል። ሲቀጠር የፈረመለት ዋሱም ከነቤተሰቡ አብሮት ይወጣል። ሸራ ሰፈር መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ እትዬ ሶልያና ያለ ማሽኑ አንድ ቀን አያድሩም። የሕንፃ ዋስ ራሱ እንዳይናገር ደግሞ ሕጉ አፉን ዘግቶበታል፤ ዋስ የተዋሰውን ካማ ውሉን እንዳፈረሰ ነው የሚቆጠረው። መናገር የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ፎቁ ላይ ዘጠና ስድስት አባወራ አለ።

"ለእኛ አታስቢ" አሉ ጋሽ ያብስራ። "መስታወቱ የሚለውን እንስማ።"

ቃል ገባሁ። አፌን ሞልቼ ነው የገባሁት።

በዚያው ሰሞን ለደረጃ ሰባት ታጨሁ። ግምገማው ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ያጸደቅኳቸውን ሕንፃዎች በሙሉ አንድ ጊዜ ደግሜ ማረጋገጥ አለብኝ። በየሳምንቱ ወደ ጋሽ ያብስራ እደውላለሁ። "እንዳለ ነው" ይሉኛል። "ምንም የለም፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ።" ስልኩን ስዘጋ ቀለል ይለኛል፤ ግን ምሳ ለመብላት እንኳ ብቅ አላልኩም። ሥራ በዛብኝ እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን መሄድ ነበረብኝና ሄድኩ። ጋሽ ያብስራ በር ላይ ተቀበሉኝ፣ ቁም ሳጥኑን ገፉት፣ ወደ ጎን ቆሙ።

መስታወቱ አልተሰበረም። ድፍን ነው። ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም። ጠጋ ብዬ ቀኑን አየሁ። "ጥቅምት 7" ይላል። ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ቁመት አላቸው፤ ያልተሰመረ መስመር ላይ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። የሥዕል ጽሕፈት ነው። በእጃቸው ሥዕል ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ብቻ እንደዚያ ይጽፋሉ፤ ከእነሱ ውስጥ በሕይወት ያለ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ነው። የእኔን የዶሮ ጭረት አስመስሎ መጻፍ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

ቀና ስል ጋሽ ያብስራ ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር። እትዬ ሶልያና ወለሉን ያያሉ። 

"አልተሰበረም" አልኩ።

"አልኩሽ እኮ" አሉ ጋሽ ያብስራ፣ ሳይዞሩ። "እድገትሽ መቼ ነው?"

"ታኅሣሥ ላይ።"

"በርቺ። እኔ ያስተማርኩት ሰው ደረጃ ሰባት ሲገባ ሳላይ መሞት አልፈልግም።"

ያኔ መናገር እችል ነበር። "ይህ የእርስዎ ጽሕፈት ነው" ማለት አራት ቃል ነው። ግን ሽማግሌውን፣ ሙያ ያስተማሩኝን ሰው፣ ባለቤታቸው ፊት ዋሽተዋል ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። እሳቸውም እኔን እድገቷን ላሰናክላት እንዴ ብለው ይሉኝታ ይዟቸዋል። ሁለት የተማሩ ሰዎች አንድ ስንጥቅ ፊት ቆመን እየተዛዘንን እርስ በርስ ተዋሸን። እትዬ ሶልያና "ትኩስ ነገር ልስጥሽ" አሉ፤ ጠጣሁ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሕንፃ አርባ አንድን ደግሜ አረጋገጥኩ። ሁለት ሰከንድ ፈጀብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ አላውቅም።

ታኅሣሥ ውስጥ ቢሮው ኬክ አስመጣ። ወይዘሮ ሄራን ሁሉንም ሰው ሰበሰቡ፤ ወንበሮቹ ለሩብ ሰዓት እንዳይንቀጠቀጡ ተደርጎ ነበር። ደረጃ ሰባት መግባቴን አነበቡ፣ ተጨበጨበ። ቀጥለው የምዋሰውን ሕንፃ አነበቡ።

"ሕንፃ አርባ አንድ።"

መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ። "እሱ ዋስ አለው እኮ" አልኩ።

"ነበረው። ነዋሪው አመልክቷል፤ ዋሳችን ቀለለብን ብለው። እውነታቸውን ነው፣ ሰውዬው ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ባለቤታቸው ታማሚ ናቸው፣ ልጃቸውም ከነቤተሰቡ ለቆ ወጥቷል። ክብደታቸው አሥራ አንድ ደርሶ ነበር። ያንቺ ስንት እንደመጣ ታውቂያለሽ? መቶ ሃያ አራት!" ወይዘሮ ሄራን ከልባቸው ነው ደስ ያላቸው፤ ትከሻዬን አቅፈው "ልጅሽ ናት ያሸነፈችልሽ፣ እሷን ሳሚልኝ" አሉ።

ዋስ አልሆንም ማለት ያጸደቅኩትን አላምነውም ማለት ነው፤ ያንን ያለ ሰው ደግሞ ማጽደቂያውን እንደሳበ ይቆጠራል። አፌን ከፈትኩ። ሃያ ሰው እያጨበጨበ ያየኛል፤ አንዷ ኬኩን ቆርሳ በሳህን ይዛልኝ ቆማለች። "አመሰግናለሁ" አልኩ። ኬኩን በላሁ።

ጥር ላይ ዕቃዬን ጭኜ ስደርስ ጋሽ ያብስራ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እሳቸውና እትዬ ሶልያና ለቀድሞ ዋሶች ወደተሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ሊሄዱ ነው። ከእኔ ጀርባ አስካለ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እየጎተተች ስትገባ ሲያዩ ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

"ለሌላ ሕንፃ መስሎኝ" አሉ። "በልጄ ሞት፣ ይርገዱ፣ ሌላ ሕንፃ የሚሰጡሽ መስሎኝ ነው። ደረጃሽን ይዘሽ ከዚህ ጦስ ትርቂያለሽ ብዬ ነው። እኔ እዚሁ እሞታለሁ፣ ሕንፃው ከእኔ ጋር ያበቃል ብዬ…"

"ጽሕፈትዎን አውቄው ነበር" አልኳቸው።

እጃቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ንዴት ብጤ ዓይናቸው ውስጥ አየሁ፤ መልሶ ጠፋ።

"አውቀሽ ነው ያረጋገጥሽው?"

"አዎ።"

"በስንት?"

"በሁለት ሰከንድ።"

ከመሳቢያው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው ሰጡኝ። ከፈትኩት። የተሰበሩ መስታወቶች ናቸው፤ ጫፍና ጫፋቸው ላይ ጀሶ የደረቀባቸው። ከላይ ያለው በእኔ የተንጋደደ ጽሕፈት የተጻፈበት ነው፤ በስድስተኛው ቀን ነው የተሰበረው አሉኝ። የቀሩት በሥዕል ጽሕፈት የተጻፉ ናቸው፣ ሁሉም ላይ "ጥቅምት 7" ይላል። አሥራ አንድ ቆጠርኩ።

"አሁንም አልዘገየም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሂጂና ተናገሪ። እኔ ሸራ ሰፈር እወጣለሁ፣ ምን አለኝ፣ ኖሬአለሁ።"

"እትዬስ?"

ውጭ የሚወስዳቸው መኪና ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። እትዬ ሶልያና ማሽናቸውን እየገፉ መጥተው አስካለን ሁለቴ ሳሟት፤ እኔን ሳያዩኝ አለፉ። ጋሽ ያብስራ በር ላይ ቆም አሉና ከልማድ ቱንቢውን አወጡ። ክሩን ሊለቁት ሲሉ ተዉት። "የምንሄድበት ቤት ዓለት ላይ ነው የተሠራው አሉ" አሉኝ፤ ወዲያው በተናገሩት አፍረው አንገታቸውን ደፉ። ቱንቢውን እጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

የዋሶች ስብሰባ በወሩ መጨረሻ ነው። የሄድኩት ለመናገር ወስኜ ነበር። ለቢሮው ባልደፍር ለእኩዮቼ እናገራለሁ፣ አንድ ሁለት ሰው ከተባበረ ሌላው ይከተላል ብዬ። ወደ ስልሳ የምንሆን ዋሶች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ሰብሳቢው የየሕንፃውን ሁኔታ ተራ በተራ ጠየቀ። "ደህና ነው" ይላል አንዱ። "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች ሌላዋ። ተራዬን ስጠብቅ ዓይኔ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ እጅ ላይ አረፈ። ጥፍሩ ሥር ነጭ ነገር አለ። ጀሶ ነው። ቀጥላ የተቀመጠችውን ሴትዮ አየሁ፤ እጇን ጠረጴዛው ሥር ደበቀች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አየሁ። ከፊት ለፊቴ ያለውን አየሁ። ተራዬ ደረሰ።

"ሕንፃ አርባ አንድ?"

"ደህና ነው" አልኩ።

ሕንፃ በአንድ ቀን አይወድቅም። ስንጥቅ ይዞ ሃያ ዓመት የቆመ አለ። በሃያ ዓመት አስካለ ሃያ ሰባት ይሞላታል፤ የራሷን ሕይወት ይዛ ትሄዳለች። ጠዋት ጠዋት ይህን ለራሴ እነግረዋለሁ። ከዚያ ሥራ እገባለሁ። አልጋዋን ከመስኮቱ ግድግዳ አርቄ ወደ በሩ አስጠግቼላታለሁ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ብርሃን እንዳይረብሽሽ ነው አልኳት።

መስታወቱን አንስቼ ጥዬው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግን አይቻልም። ቁም ሳጥኑን ሳስገባ የአራተኛ ፎቋ ወይዘሮ አይታው ኖሮ "ይሄ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ደንግጬ እውነቱን ነገርኳት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል አልኳት። ለሁሉም ነገረች። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ዘጠና ስድስቱም አባወራ በተራ እየገባ መጀመሪያ አስካለን ይስማል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስታወቱን ያያል። ድፍን ነው። ቀኑ ጥቅምት ሰባት ነው። "ተመስገን" እያሉ ይወጣሉ፤ እንዲህ ያለ ዋስ አይተን አናውቅም ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሻይ እያፈላሁ ነበር። ሰዎቹ ሊመጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቷቸዋል።

"እማዬ፣ ደግሞ ተሰበረ" አለች አስካለ ከውስጥ።

ሄጄ አየሁት። መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ሁለቱ ጫፎች በመሃላቸው ክር እስኪያስገቡ ተራርቀዋል። የተሰበረውን ቆርቆሮው ውስጥ ጨመርኩ፣ አዲስ ቁራጭ አወጣሁ፣ ጀሶ በጠበጥኩ። በዚህ ሳምንት ሁለተኛው ነው። ጋሽ ያብስራ በሳምንት አንድ ነበር የሚቀይሩት። መስታወቱን ስንጥቁን አሻግሬ ለጠፍኩት።

አስካለ አጠገቤ ተንበርክካ ታየኛለች። ዘንድሮ ጽሕፈት ጀምራለች፤ ትምህርት ቤታቸው በእጅ መጻፍን ለመዝናኛ ያህል መልሶ አስገብቶታል። ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ መጻፍ ነው የምትወደው።

"እኔ ልጻፍልሽ? ያንቺ ያስጠላል" አለችኝ።

እስክሪብቶውን ሰጠኋት። ምላሷን አውጥታ ጎንበስ አለች፤ መልሳ ቀና አለች።

"ቀኑን ምን ልበል? ዛሬ መጋቢት ስንት ነው?"

ደረጃው ላይ የሰዎቹ ኮቴና ሳቅ ይሰማ ጀመር።

"ጥቅምት ሰባት በዪ" አልኳት።

"ዛሬ እኮ ጥቅምት አይደለም።"

"አውቃለሁ። አንቺ ብቻ ጻፊ።"

ጻፈች። ፊደሎቿ እኩል ናቸው፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ያምራሉ። ቁም ሳጥኑን ትንሽ ገፋ አድርጌ እንዲታይ አመቻቸሁት፣ የልጄን ጉንጭ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩላትና በሩን ከፈትኩ።